በግንባር ላይ የቀረው ዱቄት

ሮግስቬድ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

እርስዎ ባሉበት በሰሜኑ ኡሜኦ በረዶ ጀመረ ሲባል ሰምቼ፣ ብርዱ እንዳይጠናብዎ እያሰብኩ ነው የምጽፈው። እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው። የእንጀራ አባቴ የጋሽ ማስረሻ ወገብ ግን አልተሻለውም፤ ዮርድብሩ ባለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሣ ከተጎዳ ወዲህ ሥራ አልገባም። ለመስቀል ወደ ስቶክሆልም መጥተው ሳለ በወረቀት ጠቅልለው ለእናቴ የሰጧትን እምነት ጠዋት ጠዋት ትቀባዋለች። «አያልቅም ወይ?» ብላት፣ «የአባባ ዕንባቆም እጅ ነው፣ አያልቅም» አለችኝ።

«ጆሮዬ ስልክ እምቢ ስላለ በደብዳቤ አስቸገርኩሽ» ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔስ ደስ ብሎኛል። ሰው ፊቴን ሲያየኝ ልናገር የነበረውን እረሳለሁ። ወረቀት አያየኝም።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ከበርበሬዎ አበባ ለቅመው የላኩልኝ ዱቄት ደርሷል። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ደረቅ ነው፣ አይጣበቅም። ከነወረቀቱ በሕፃን ምግብ ብልቃጥ ከትቼ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ያገኘሁትን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሬ፣ ክዳኑን አጥብቄ ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ኋላ ደብቄዋለሁ።

የተክሉ መብራት የት ሄደ ላሉኝ፦ ከታች የምትኖር ሴትዮ በመስኮቴ ሐምራዊ ብርሃን አየሁ ብላ ለአከራያችን ጻፈች። እዚህ አገር እንዲህ ያለ መብራት ያየ ሁሉ ሐሺሽ ተተከለ ነው የሚለው። ሁለት ሰዎች መጥተው ቅጠሉን አሸተቱ። አንደኛው በርበሬ መሆኑን ዐውቆ ሳቀ፣ ይቅርታ ብለው ሄዱ። ጋሽ ማስረሻ ግን አልሳቀም። «ዜግነት ያመለከተ ሰው በር ላይ እንዲህ ያለ ወሬ አይቆምም» ብሎ መብራቱን ነቅሎ ቆሻሻ ክፍል ጣለው። ልመልሰው ስወርድ ሌላ ሰው ወስዶታል።

ከዚያ ወዲህ ተክሉ ከነባልዲው በቀዝቃዛው መስኮት አጠገብ ነው። ፍሬ ቢይዝም እንደዚያ እርስዎ ለመስቀል በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከፍለው እንዳዩት ነው፣ ባዶ፣ አንድ ዘር የሌለው። ብርድ የአበባውን ወንዴ ያመክነዋል፣ ሴቴዋን ግን አይነካትም ያሉኝን ሌሊትና ቀን አስበዋለሁ። ከሌላ ቦታ ዱቄት ካገኘች ትወልዳለች ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ አልነገርኩዎትም። አባቴ ሞገስ ይህን በርበሬ ሽሮ ሜዳ በተከራየነው ግቢ፣ በዘይት ቆርቆሮ ይተክለው ነበር። እሱ ሞተ፤ ግቢው ፈረሰ። ወደዚህ ወደ እናቴ ስመጣ በክብሪት ቀፎ የያዝኩትን ዘር ሁሉ ዘራሁት፣ የበቀለው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ይህ ተክል ዘር ሳይሰጥ ከደረቀ የአባቴ በርበሬ ከምድር ላይ ጠፋ።

ልጁ ግማሽ የእርስዎ በርበሬ ይሆናል። እሺ ብያለሁ። ግማሹ ግን የአባቴ ነው።

አክባሪዎ ዝማሬ

*

ኡሜኦ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዝማሬ፣

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለእናትሽ ለአፀደ፣ ለማስረሻም ይድረስ። እጄ ይንቀጠቀጣልና ፊደሌን ታገሺው።

ዱቄቱ እንዴት እንደሚሰበሰብ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ልጄ ቲና በዚህ ቤት አድጋ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ በአማርኛ አዋራታለሁ፣ በስዊድንኛ «አባዬ፣ ቃሪያው ሱቅ አለ» ትለኛለች። እንግዲህ እንዲህ ነው። ጠዋት፣ አበባው ሊፈታ ሲል፣ ወንዴዎቹ ሳይፈነዱ በወረንጦ እለቅማለሁ። ነፋስ በሌለበት ክፍል ነጭ ወረቀት ላይ በትኜ አሳድራቸዋለሁ። ሲደርቁ ራሳቸው ይሰነጠቃሉ። ያን ጊዜ በሻይ ማጥለያ መታ መታ ሳደርግ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ገለባው ይቀራል። ስንት አበባ ተለቅሞ የሚገኘው በጣት ጫፍ የሚነሣ ቁንጣሪ ነው። እንዳይባክን።

ብርድ ዱቄቱን የሚያበላሸው ገና አበባው ውስጥ ሲሠራ ነው። አንዴ በሙቀት ተሠርቶ ከደረቀ በኋላ ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህ ከፍሪዘር ባወጣሽበት ዕለት ብልቃጡን ቸኩለሽ እንዳትከፍቺ። ክዳኑ እንደተዘጋ ይቆይ፤ ስትይዢው ብርዱ ከጠፋ ያን ጊዜ ክፈቺ። ከቸኮልሽ የቤቱ አየር ጤዛ ሆኖ ይወርድበታል፣ ያኔ አለቀ።

የአንቺ እምቡጥ ነጭ ሆኖ ሲያብጥ፣ ከመፈታቱ በፊት፣ ነጩን ቅጠልና ወንዴዎቹን በሙሉ አንሺለት። መካከል የቀረችውን ሴቴ ጫፏን በለስላሳ ብሩሽ ዱቄት አስነኪያት። ከዚያ የአበባዋን ዘንግ በክር እሰሪ፣ የትኛዋ እንደሆነች እንዳይጠፋሽ።

ማስረሻን አትጥይው። ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ጥላውን ይፈራል። እኔም በስደተኛ ካምፕ ሳለሁ ፖስታ አምጪው ሲስል ልቤ ይቆም ነበር።

ዕንባቆም

*

ሮግስቬድ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረስዎ። የገና ካርድዎ ደርሶኛል፤ መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። የዘገየሁት ተናድጄ ነው። በካርድ ጀርባ ላይ ለተጻፈ ምክር በአንድ ቀን መልስ ብሰጥ ክፉ ነገር ይወጣኝ ነበር።

«ያን የመስኮት ተክል ተዪው፣ በበጋ ከእኔ ዘር እልክልሻለሁ፣ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ» ላሉኝ፦ አልተውም። የእርስዎ በርበሬ ጎበዝ ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ከእኔው ይበልጣል፤ ዐውቃለሁ። ግን አባቴ አልተከለውም። ሰው ልጁ ሲታመምበት «ተወው፣ የኔን ውሰድ» አይባልም። 

ተክሉ ቅጠሉን ግማሽ አራግፏል። ቀሪው አረንጓዴ ነው። የትምህርት ቤት ጠረጴዛ መብራቴን ሌሊት አዞርለታለሁ፤ ነጭ ስለሆነ ማንም አልተናገረም። ከትናንት ወዲያ የቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያለ ነገር አየሁ። እምቡጥ ነው። ብልቃጡ በቦታው ነው፣ አልነካሁትም።

መጥፎውን ወሬ ደግሞ ልንገርዎ። ከፋሲካ በኋላ የአከራያችን ሰው መስኮትና ማሞቂያ ለማየት በየቤቱ እንደሚዞር ደረጃው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ ማስረሻ አንብቦ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያ ባልዲ በዚያ ቀን ከቤቴ ይውጣ» አለ።

«የት ላድርገው?»

«ምድር ቤት።»

«እዚያ ጨለማ ነው፣ ይሞታል።»

«እኔም እዚህ በሐሳብ እየሞትኩ ነው።»

እናቴ ከወጥ ቤት «እንግዲህ ተነጋገሩና ማንን አስቀድሜ እንደምቀብር ንገሩኝ» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ስል እሺ ያልኩ ይመስላቸዋል። ትምህርት ቤትም «ምን ትወጃለሽ?» ብለው በየተራ ሲጠይቁን ዝም አልኩ፣ መምህሯ «ምንም» ብላ ጻፈችልኝ። አገር ቤት ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ መሆኔን ስለምታውቅ አዘነችልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባቡር ስሄድ አንድ የስዊድንኛ ዓረፍተ ነገር በልቤ እለማመዳለሁ። ምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ከገና ወዲህ ዝም ብለዋል። ደኅና ነዎት?

ዝማሬ

*

ሮግስቬድ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረስዎ። ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። እናቴ በጣም ሰላም ብላለች፤ ጋሽ ማስረሻም ሰላም ብሏል። እዚህ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዓለምፀሐይ ልጅ ልትዳር ነው፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ለጥር ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። ተቀይመውኝ ከሆነ ይቅርታ፤ ቃሌን ግን አልመልሰውም፣ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ድምፄ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ከዚያ ዱቄት ሌላ ቁንጣሪ ቢኖርዎት ይላኩልኝ። ትንሽ ይበቃኛል። በሚቻለው ፍጥነት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እምቡጦቹ አይጠብቁም። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። የመጀመሪያው አልተበላሸም ማለት እችላለሁ፤ ግን ሌላ ቢኖር ይሻላል።

እናቴ በጣም ሰላም ብላለች። ይህን ቀድሜ ጽፌያለሁ ለካ።

ዝማሬ

*

ኡሜኦ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዝማሬ፣

አልተቀየምኩሽም። የጥር ወር ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሰሞኑን ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ልብ ነው፣ አርጅቷል። እንዳታስቢ ብዬ ዝም ማለቴ አሳስቦሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።

ሌላ ዱቄት ለጠየቅሽኝ፣ የለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ቲና በርበሬዬን የምተክልበትን የመስታወት ቤት ማሞቂያ አጥፍታዋለች። ሰው የሌለበት ቤት ለምን ይሞቃል ብላ ነው፤ ክፋት የለባትም። ኡሜኦ በጥር ምን እንደምትመስል አንቺ አታውቂም። ስመለስ ተክሎቼ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥለው ነበር። ለዘር ብዬ ጣራው ሥር የሰቀልኳቸውን ፍሬዎች ከነሱ ጋር ጠርጋ ጥላቸዋለች። ብርድ የሚችለውን እየመረጥኩ፣ የማይችለውን እየነቀልኩ የኖርኩበት ሥራ ነበር። ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ሻይ አፍይልኝ አልኳት።

ስለዚህ ከእኔ በርበሬ በዓለም ላይ የቀረው አንቺ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ነው። በደብዳቤሽ ያለውን ሰላምታ ብዛት አይቻለሁ። ሰው ሰላምታ ሲያበዛ ከኋላው የሚደብቀው አለ። ብልቃጡ ምን ሆነ? አዙረሽ ሳይሆን አቅንተሽ ንገሪኝ።

ዕንባቆም

*

ሮግስቬድ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

ልብዎ እንዴት ነው? መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው፣ ሌላ ሰላምታ አልጨምርም።

አቅንቼ ልንገርዎ። ነገሩ የሆነው የቅበላ እሑድ ነው። ሁለት እምቡጦች አብጠው ነጭ ሆነው ነበር። ጠዋት እንዳስተማሩኝ ቅጠላቸውንና ወንዴያቸውን ነቀልኩ። ብልቃጡን ከማውጣቴ በፊት እናቴ ለጾሙ ሽሮና ዘይት ግዢ ብላ ላከችኝ። ስመለስ ፍሪዘሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ በረዶው ተሟጥጦ አገኘሁት። ለሑዳዴ ሥጋ ከቤት ማውጣቷን ረስቼው ነው። በየዓመቱ ታደርገዋለች፣ እኔ ግን ልቤ እምቡጡ ላይ ነበር።

«እማ፣ እዚህ የነበረው ብልቃጥ?»

«አንቺን ልቆጣ ነበር» አለችኝ። «እምነት ከበግ ሥጋ ጋር ታስቀምጪያለሽ? አታፍሪም?»

«የት አለ?»

«የት ይኖራል፣ ሰው ላይ ነዋ።»

እርስዎ ወረቀት የሚያጥፉበት አጠፋፍ አንድ ነው፣ አባባ። ለመስቀል የሰጧት እምነትም እንዲያ ነበር የታጠፈው። ያ ካለቀ ቆይቶ ኖሯል። ዱቄቱን ስታገኝ አባባ ዕንባቆም ለዝማሬ ሌላ ላኩላት፣ ልጅቱም ከበረከቱ ደበቀችን ብላ አሰበች።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። ጋሽ ማስረሻ ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ ያለውን በውሃ ለውሳ አሽታዋለች፤ ያኛው አለቀ። ወረቀቱን አየሁት፣ እጥፋቱ ውስጥ አቧራ የምታህል ብቻ ቀርታለች። ቀና ስል ግንባሩ ላይ ደረቅ ቢጫ መስቀል አለ።

«ጋሼ፣ እንዳትነቃነቅ» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ግንባርህን እንዳትነካ። እንዳታስነጥስ።»

«እያሳከከኝ ነው እኮ።»

«ይብላህ።»

ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የእሷን የዓይን ኩል ብሩሽ ታጥቦ የደረቀውን አነሣሁ፣ ባልዲውን እየጎተትኩ ከጉልበቱ አጠገብ አመጣሁት። ከወረቀቱ እጥፋት የጠረግኩትን ለአንዷ አበባ ሰጠኋት፣ በነጭ ክር አሰርኳት። ከዚያ የእሱን ግንባር እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀስ ብዬ ጠረግኩት። ትንፋሹን ይዞ ነበር። በጣም ቅርብ ስለነበርኩ ዓይኑ ሥር ያለውን ጥቁረት አየሁ፤ የማይተኛ ሰው ዓይን ነው። ያንን ለሁለተኛዋ አበባ ሰጠኋት። ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዝዤ አሰርኩላት።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የቀባችሁኝ?» አለ በመጨረሻ።

«የወንድ አበባ ዱቄት።»

እናቴ አማተበች። እሱ ሳቀ፣ ወገቡን ያዘና እንደገና ሳቀ። ማታ ላይ ደግሞ «የሆነስ ሆነና ቀለል ብሎኛል» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ቅንድቧን አነሣች።

አንድ ነገር ልንገርዎ። እናቴ ሥጋ የነካ እጅ እምነት አይነካም ብላ፣ ብልቃጡን መጀመሪያ እንደተዘጋ ሥዕለ ማርያም ሥር አስቀምጣ ፍሪዘሩን አጥባ፣ ታጥባ፣ ጸልያ ነው የከፈተችው። «ስከፍተው ብርድ አልነበረውም» አለችኝ። ጤዛ አልወረደበትም ማለት ነው። እኔ እንኳ ያን ያህል እታገሥ እንደሆነ አላውቅም።

ያልነገርኩዎት እርስዎን ፈርቼ አይደለም። እናቴ መሳቂያ እንዳትሆን ነው። አሁንም መሳቅ ከፈለጉ ይሳቁ፤ በእሷ ግን አይሳቁ።

ስለ ተክሎችዎ ምን እንደምል አላውቅም። ዛሬ በሁለቱ አበቦች ላይ ሁለት ሰው ተንጠልጥሏል፣ አባቴና እርስዎ። አላስነካቸውም።

ዝማሬ

*

ኡሜኦ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዝማሬ፣

ሳቅሁ። ሐኪሙ እንዳትስቅ አላለኝም። በእናትሽ ግን አልሳቅሁም፤ ለከበረ ነገር እጅ መታጠብ ደግ ነው፣ ሳታውቅ ከእኔ ትምህርት በላይ አድርጋለች።

ይሁን እንጂ ልጄ፣ ተስፋሽን አሳንሺ። የሰው ገላ ላብ አለው፣ ወዝ አለው፤ ግንባር ላይ የዋለ ዱቄት ሲጸድቅ አላየሁም። የወረቀቷም ትንሽ ናት። ሁለቱም ቢረግፉ እንዳትሰበሪ። ማስረሻም ያለው ይሁንለት፤ ለአንድ ባልዲ ብለሽ ቤት አታውኪ። የሰውየው ወረቀት ይለቅለት፣ አንቺም ዕረፊ።

እኔም ዐርፌያለሁ። ቲና ለአረጋውያን በተሠራ ቤት አንድ ክፍል አግኝታልኛለች። የመስታወት ቤቱ ይሸጣል። ተከላ በቃኝ።

ዕንባቆም

*

ሮግስቬድ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። አዲሱ ክፍል እንዴት ነው? ያለ መስታወት ቤት ሰው እንዴት እንደሚያርፍ አልገባኝም፣ ስለዚህ «እንኳን ደስ ያለዎት» አልልም።

ምክርዎን አንብቤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አልተጠቀምኩበትም።

ነጭ ክር ያሰርኩላት አበባ ረገፈች። ቀይ ክር ያሰርኩላት ያዘች። አሁን የትንሽ ጣቴን ያህል ሆናለች፣ አረንጓዴ ናት፣ ስጫናት ጠጣር ናት እንጂ እንደ ባዶዎቹ አትሰምጥም። እናቴ ተአምር ነው ትላለች። ጋሽ ማስረሻ «የኔ ቆዳ ድሮም ደረቅ ነው፣ ቅባት ግዙልኝ ስል ሰሚ አጥቼ» ይላል። እኔ ጠዋት ጠዋት አያታለሁ።

ግን አረንጓዴ ፍሬ ዘሩ ገና ነው፣ አይበቅልም። የአከራያችን ሰው ደግሞ የሚመጣው ትናንት ነበር።

ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጋሽ ማስረሻ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካራቫት አስሮ መጣና ባልዲውን አሳየኝ።

«ዝማሬ፣ ለዛሬ ብቻ። ምድር ቤት አውርጂው።»

«አላወርድም። ከፈለግህ አንተ አውርደው።»

«በዚህ ወገቤ?»

«ተሽሎኛል ስትል አልነበር?»

እናቴ ፊቷን ወደ ማጠቢያው መለሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ግን «እኔ እኮ ላንቺም ጭምር ነው የምፈራው» አለ። «ዐውቃለሁ» አልኩት። «እኔም የምፈራ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አልችልም።»

በሩ ተንኳኳ። እኔ ከፈትኩ። በዚህ አገር ለሰው በር ከፍቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ወደ ክፍሌ ነው የምሮጠው። ሰውየው ረጅም ነው፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዐይኑ ባልዲው ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜ በባቡር ስለማመደው የከረምኩትን ዓረፍተ ነገር በስዊድንኛ ተናገርኩት፦ «ይህ የአባቴ በርበሬ ነው፤ ከዚህ አይነሣም።» ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻው ወጣ።

ሰውየው አየኝ፣ ካራቫት ያሰረውን ጋሽ ማስረሻን አየ። «ባለቤቴ ቲማቲም አላት» አለ። «ማሞቂያውን ለማየት ነው፣ ባልዲውን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጊልኝ።»

«አይነሣም» አልኩት። ካልኩ በኋላ ቃሌን ማጠፍ አልፈለግሁም። ባነሣው አንዲቷ ፍሬ ብትነካስ?

ሰውየው አልተከራከረም። ወለሉ ላይ በደረቱ ተኛና በባትሪ ከሥር አየው። ጋሽ ማስረሻ በአማርኛ «ኧረ የሰው ልጅ አሠቃየሽ» እያለ ከጎኑ ተንበርክኮ ባትሪውን ያዘለት። ሰውየው ሲወጣ ስለ ተክሉ የጻፈው ነገር የለም። ጋሽ ማስረሻ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት። ከዚያ ካራቫቱን ፈታ።

«ይኼው ነው?» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

ዝማሬ

*

ሮግስቬድ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዕንባቆም፣

ስለ ጤናዎ ያልጻፉልኝን ቲና ነገረችኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘች እንጃ፤ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ፣ እኔም በስዊድንኛ መለስኩላት፣ ሁለታችንም አስቸጋሪ ነበርን። «አባዬ መስኮት ሥር ተቀምጦ ውጭውን ብቻ ያያል፣ የሚሠራው ያስፈልገዋል» አለችኝ። ስለ መስታወት ቤቱም ይቅር እንድላት ፈለገች መሰለኝ። አላልኳትም፤ ይቅርታው የእርስዎ ነው።

ቀላች። ሙሉ በሙሉ እስክትቀላ፣ ቆዳዋ መጨማደድ እስኪጀምር ጠበቅሁ። በነጭ ሳሕን ላይ ስከፍታት እናቴና ጋሽ ማስረሻ ከራሴ በላይ ቆመው ነበር። ዘር አላት፣ አባባ። ጠፍጣፋ፣ የገለባ መልክ ያለው፣ ሙሉ ዘር። እናቴ እልል ልትል ስትል ጋሽ ማስረሻ «ቀስ፣ በትንፋሽሽ እንዳትበትኚው» አላት። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የሽሮ ሜዳው ግቢ መጣብኝ፤ ሸሽቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ዓይኔን በበርበሬው እጄ አሽቼው ኖሮ፣ ያለቀስኩት ለየትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ስሙን ማን ልትዪው ነው ላሉኝ፦ እናቴ «የማስረሻ ግንባር» ትለዋለች፣ እሱም ደስ ብሎታል። እኔ ስም አላወጣለትም። አባቴ በርበሬ ነበር የሚለው። በርበሬ ይባል።

ጋሽ ማስረሻ ሥራ ተመልሷል። ትናንት ከዮርድብሩ ሲመጣ ያገለገለ የተክል መብራት በክንዱ ይዞ ገባ። «ነጭ ነው፣ ሐምራዊ አይደለም» አለና መስኮቴ ላይ ራሱ ሰቀለው። ወረቀቱ ገና አልመጣለትም። አሁንም ደረጃው ላይ እግር ሲሰማ ጆሮውን ይጥላል፤ መብራቱን ግን አላጠፋውም።

አሁን ስለ ዘሩ። እኩል ከፍዬዋለሁ። ግማሹ እዚህ ይቀራል፣ ግማሹ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለ። ተከላ በቃኝ ብለውኛል። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜዬ ሄዷል ብለው እንደሚመልሱልኝም ዐውቃለሁ። መስኮት እንዳለዎት ቲና ነግራኛለች። የእኔም አንድ መስኮት ነበር። እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ዘሩን ቲና ትዝራልዎት፤ ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች። መልሰው ቢልኩልኝ መልሼ እልካለሁ፤ ፖስታ ቤቱ ከእኔ በፊት ይሰለቻል።

ዘሩን የጠቀለልኩት እርስዎ በሚያጥፉት አጠፋፍ ነው፤ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ የሚገባበት ቤት ማን እንዳለ፣ ማንስ ወገቡን እንደሚያመው ስለማይታወቅ፣ በላዩ ላይ በአማርኛም በስዊድንኛም በትልልቁ ጽፌበታለሁ፦

አይቀባም። ይዘራል።

ዝማሬ ሞገስ